ከአፋፉ በፊት

«ዛሬውኑ መንዳት እችላለሁ፤ ነገን እንኳ አልጠብቅም» አለ ሾፌሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉን መልሶ ሊውጠው ቢመኝም ጊዜው አልፎ ነበር።

የስምሪት ኃላፊው ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብለው አዩት። ከገባ ጀምሮ በታከተ ዓይን ሲመለከቱት ቆይተው አሁን ገና ፊታቸው ፈካ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «ጠዋት የመጣው ገና ሳይቀመጥ ስለ ዕረፍት ቀን ጠየቀኝ። ከሱ ቀጥሎ የገባው ደግሞ ተጎትቶ የመጣ ነው የሚመስለው። እኔ የምፈልገው ሥራ የራበው ሰው ነው።»

«እኔማ መሪ ካልጨበጥኩ እንቅልፍም የለኝ ጋሼ።»

እንቅልፍ ማጣቱስ እውነት ነበር። አምና ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ ብሎት፣ ከገደሉ ሸሽቶ መኪናውን ከተራራው ግድግዳ ጋር አላትሞ አቆመው። ሰው አልሞተም፤ መርማሪዎቹም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ መሰከሩለት። ከዚያ ወዲያ ግን መሪ ጨብጦ አያውቅም። ታክሲ ተሳፍሮ እንኳ መንገዱ ባዘቀዘቀ ቁጥር ቀኝ እግሩ በሌለ ፍሬን ላይ ይጫናል፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሽተኛ ይመስላል።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ እየተኮሰች፣ «ፊትህን ፍታው እንጂ፤ ሰውየው ሊቀጥርህ ነው ሊቀብርህ?» ብላው ነበር።

«ብርክ ቢይዘኝስ?»

«ጉልበትህን ጠረጴዛ ሥር ደብቀው። አንተ ብቻ ፈገግ በል፤ ልሥራ፣ ልነሳ፣ ልሂድ በል። ያስጠጋችን እኅትህ ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ግን ልጇ ከነቤተሰቧ ተመልሳ ልትገባ ነው። እኛ ልጃችንን ይዘን ከዚህ ሳሎኗ ወጥተን የት እንደምንወድቅ እኔንጃ።»

እሱም እንደተባለው ፈገግ አለ፤ ልሥራም ልነሳም አለ። ኃላፊው ግን ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት።

«በል ተነስ» አሉ ኮታቸውን እያነሱ። «ጠጠር የጫነ ገልባጭ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከኮረብታው ማዶ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። አብሬህ ልሂድና አነዳድህን ልየው።»

ከዚያ በኋላ ጉጉት ማሳየቱ እንደ ቁልቁለት ሆነበት፤ ማቆሚያ አጣ። ወደ መኪናው በሩጫ ሄደ፤ ዘሎ ጋቢና ገባ። በሾፌርነት ዘመኑ ሁሉ ጎማዎቹን ሳይዞር፣ ጎንበስ ብሎ የፍሬኑ ቱቦ አየር ያፈስ እንደሆነ ሳያዳምጥ ሞተር አስነስቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን ሲዞር ቢያዩት «ይኸው፣ ከወዲሁ አመነታ» የሚሉት መስሎት ዘለለው። ሳይፈትሽ መነሳቱ የከነከነው ግን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው።

«ሞተሩ ግሩም ነው ጋሼ፤ ድምፁ ራሱ ያጠግባል» አለ። ወሬው የበዛው ዝም ካለ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እንዳይሰማበት ነበር።

«ወሬኛ ሾፌር እወዳለሁ» አሉ ኃላፊው እየሳቁ። «ዝምተኛ ሾፌር ወይ ተኝቷል ወይ እየሰረቀኝ ነው።»

ዳገቱ አለቀ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ግርጌው መጋጠሚያ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ከኋላው ያ ሁሉ ጠጠር ተከምሯል። ፍሬኑ ይያዝ አይያዝ አያውቅም። ሾፌሩ የአፋፉ ሜዳ ሳያልቅ ወደ ዳር ያዘና የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ምነው?» አሉ ኃላፊው።

«መኪናውን ሳላየው ነው የተነሳሁት።»

«እኔ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው።»

«እኔ አላየሁትም ጋሼ።»

ኃላፊው ዞር ብለው ትክ ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፍካት ጠፋ። «ቅድም ነገን አልጠብቅም ሲል የነበረው ሰውዬ አንተ አይደለህም? ፈራህ እንዴ?»

እዚህ ላይ ሳቅ አድርጎ፣ «እኔ ልፍራ?» ማለት በቂ ነበር። ለአፉ ቀርቦት ነበር። ሚስቱ፣ ሳሎኑና የልጁ ፊት ተራ በተራ መጡበት።

«አዎ» አለ። «በጣም ፈርቻለሁ።»

«እንግዲህ እዚህ የቆምክበትን እያንዳንዷን ደቂቃ እቆጥርብሃለሁ» አሉ ኃላፊው ሰዓታቸውን እየነካኩ።

በሩን ከፍቶ ወረደ። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ፤ ጆሮውን ወደ ቱቦው አስጠጋ፤ በገዛ ልቡ ምት ምክንያት ምንም ስላልሰማ እስኪረጋጋ ጠበቀ።

ከላይ ኃላፊው የመኪናውን ጥሩምባ ነፉ፤ አንዴ፣ ቀጥሎም ረዘም አድርገው።

ሾፌሩ ቀና አላለም። አቧራውን ከጉልበቱ ሳያራግፍ ወደሚቀጥለው ጎማ አለፈ።