የዴልበርት ከረሜላ

ዴልበርት ክሩግ ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት ሁለት የሚንት ከረሜላ አንድ ላይ አፉ ውስጥ ወረወረ። ፀጉሩ የሸበተው መጠጥና ዕፅ የያዛቸውን ሰዎች ሲመክር ነው። በወጣትነቱ እሱም የለየለት ጠጪ ነበር፤ በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ይህ ነውር አይደለም፣ እሳቱን የሚያውቀው የተቃጠለ ነው ብለው ይቀጥሩታል። ዛሬ ግን መካሪው ተከሳሽ ሆኖ ቀርቧል። የመካሪዎች ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የሥራ ፈቃዱን ይንጠቀው ወይስ ይተውለት፣ ከምሳ በፊት ይለያል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሰው የሚያሰኘው ያ ፈቃድ ብቻ ነበር።

ክሱ አጭር ነው፦ በጥቅምት ወር አንድ ቀን የቡድን ምክር ሲመራ ውስኪ ሸቷል። የከሰሰችው የሥራ ባልደረባው ነች። ዴልበርት በበኩሉ አንዲት ምስክር ቆጥሯል፤ ራሞና ትባላለች፣ የእህል መኪና ሾፌር ነች፣ ከጠርሙስ ያላቀቃትም እሱ ነው። «ያየሽውን ተናገሪ» ነበር ያላት። እሱን ለማዳን ምን እንደምትል ግን ልቡ ያውቅ ነበር፤ ዓይነ ደረቅ ሰውዬ!

«አቶ ክሩግ በዚያን ቀን ጠጥተው ነበር?» አለቻት የቦርዱ ሰብሳቢ።

«ኧረ በጭራሽ! እሱ እኮ የሳል ሽሮፕ እንኳ ይፈራል።» ራሞና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «የሸተትኩት እኔ ነኝ። እሱ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ጠጥቼ ነበር።»

ከቦርዱ አባላት ገሚሶቹ ራሳቸው ከመጠጥ የተመለሱ ናቸውና ሴትየዋ ምን እንደጣለች ገብቷቸዋል። እነሱ ዘንድ ሳይጠጡ የኖሩበት ዘመን እንደ ማዕረግ ነው፤ ለሰው አይሰጥም። ራሞና የስድስት ዓመት ዘመኗን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በተነችው። ልጆቿን ዳኛ የመለሰላት እኮ በዚያው ዘመን ምክንያት ነው!

ዴልበርት ወዲያው ተነሣ ብል ደስ ባለኝ። አልተነሣም። ሰብሳቢዋ የራሞናን ቃል ጽፋ እስክትጨርስ አንገቱን ደፍቶ ከረሜላውን መጠጠ። ፈቃዱ እጁ ገብቶ ነበር። ከዚያ ራሞና ዞር ብላ ፈገግ አለችለት፤ ያን ጊዜ እፍረቱ ከወንበሩ አስነሣው።

«ውሸቷን ነው» አለ። «የጠጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ጠብታ አልቀመሰችም፤ ቤቴ ድረስ ነድታ ያደረሰችኝም እሷ ነች።»

«ያን ቀን ብቻ ነው?»

«ያን ቀን ብቻ።»

እውነቱን ስለተናገረ ቦርዱ ራራለት፤ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ፣ ታክሞ ሲመጣ ይመለስለታል ተባለ። የራሞናንም ቃል ሰረዙት። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም እጁን ጨበጠው። ዴልበርት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ራሞና መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ውርጩ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው።

«ምነው ዝም ብትል? እኔ እንደሆንኩ ስሜ ድሮም የጠፋ ነው!»

«ልጆችሽስ?»

ሲናገር የሚንቀሳቀሰውን ጉንጩን አየች፤ ጠጋ ብላም አሸተተችው።

«አንተ፣ ቡድኑ ላይ ምን ነበር የምትለን? በጠዋት ሚንት የሚያላምጥ ጠጪ አያሞኛችሁ አላልክም?»

ዴልበርት ጫማውን አየ።

«መቼ ነው የጠጣኸው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዛሬ ጠዋት። እዚሁ፣ መኪናው ውስጥ።» እንባው ቀደመው።

ራሞና አይዞህ አላለችውም። ከስድስት ዓመት በፊት እሱ ራሱ ለእሷ እንዳደረገው መዳፏን ዘረጋች፤ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት። መዳፏ ግን አልታጠፈም።

«ከረሜላውንም» አለችው።