ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ጉድጓድ

መጀመሪያ ላሟን ተቅማጥ ያዛት፤ በሳምንቱ ደግሞ የልብስ ሰፊዋን ባል። ልብስ ሰፊዋ በመርፌ ቀዳዳ ስታይ የኖረች ሴት ናትና ነገሩ አልጠፋትም። ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው። አሁን የምትሰጋው ለአራት ዓመት ልጇ ነው፤ «ከዚያ እንዳትጠጪ» ስትባል ኩባያዋን ይዛ የምትሾልክ ልጅ።

የሰፈሩን ሊቀመንበር ጉድጓዱን ዝጋልኝ ብትለው፣ «ያለ ወረቀት ጉድጓድ አይዘጋም» አላት።

ስለዚህ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀዳችና ባሏ ወደተኛበት ሆስፒታል ተሸክማ ሄደች።

«እዚህ ላቦራቶሪ የሚመረመረው ተኝቶ የሚታከም ብቻ ነው፣ እህቴ» አላት የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ።

«ታዲያ ይተኛ!»

ጸሐፊው ዕድሜ ልኩን «አይሆንም» ሲል የኖረ ሰው ነው። ቅጹን ከፊትም ከኋላም አገላብጦ አየው። ውሃ አይተኛም የሚል የትም አልተጻፈም። እየከፋው እስክሪብቶውን አነሳ።

«ዕድሜ?»

«ሠላሳ። አባቴ ናቸው የቆፈሩት።»

«ሥራ?»

«ውሃ ማጠጣት።»

«አስታማሚ?»

«እኔው ነኛ!»

ሰባት ቁጥር አልጋ ተሰጠው፤ ከባሏ ጎን። ባልየው አንገቱን ቀና አድርጎ ጀሪካኑን አየና፣ «ደግሞ ይሄን ለምን አመጣሽብኝ?» አለ።

«አንተን ያስተኛህ እሱ ነው። ብትፈልጉ ተኳረፉ፤ እንዳትጣሉ።»

ሲስተር መጥታ የሙቀት መለኪያውን በጀሪካኑ አፍ ከተተችና፣ «ትኩሳት የለውም» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ዶክተሩ መጣ።

«ምን ወስዶ ነው የታመመው?»

የላሟ በረት ከጉድጓዱ በላይ ነው። በዘነበ ቁጥር፣ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል፣ የሚወርደውን ታየው ነበር።

«የላሜን እበት» አለች ቀስ ብላ። «ዝናብ ያወርድለታል።»

«አላልኩሽም?» አለ ባልየው።

«መቼ አልክ?»

«አስቤው ነበር።»

ዶክተሩ በጣቱ ቆጠረ። «ላሟ ጉድጓዱን፣ ጉድጓዱ አንተን። ላሟንስ ማን ያልባል?»

«እኔ።»

«እጅህን ታጥበህ?»

«እንዴታ! በጉድጓዱ ውሃ።»

ዶክተሩ የሚቆጥረው ጣት ጠፋው።

በማግስቱ ውጤቱ መጣ። በባልየው የተገኘው ጀርም በጀሪካኑም ተገኘ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ታማሚው እስኪድን አፉ ተከድኖ፣ ከሰውም ከከብትም ተለይቶ ይቀመጥ። በረቱ ከጉድጓዱ በታች ይዛወር። ለዚህም አስታማሚዋ ኃላፊ ናት።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መቼም ወረቀት ወረቀት ነው» አለና የጉድጓዱን ክዳን በገዛ እጁ ቆለፈ።

ልብስ ሰፊዋ በረቱን አፍርሳ ቁልቁል ለመትከል ሦስት ቀን ፈጀባት፤ መዳፏ ተላልጦ መርፌ መያዝ አቃታት። ጎረቤቶች ከሩቁ ምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ እየቆሙ፣ ወደ ጉድጓዱ እያመለከቱ፣ «ታማሚሽ እንዴት አደረ?» ይሏታል። መጀመሪያ እያሾፉ ነበር፤ በኋላ የምራቸውን ሆነ።

«ይመስገን፣ ዛሬ ይሻለዋል» ትላለች።

አንድ ከሰዓት ልጇን ከቤት አጣቻት። ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ስትወርድ፣ ልጅቷ ኩባያዋን አቅፋ ክዳኑ አጠገብ ተቀምጣለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልጠይቀው መጥቼ ነው።»

እናትየው ኩባያውን ነጥቃ ደፋችው። ጠብታ አልወጣም። በጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ያን ጊዜ እሷም ከታማሚው ጎን ቁጭ አለች።