ኑርሁሴን ዘሀራን የጠራ ለት

ጥሪውን ዘሀራ ራሷ ሰምታዋለች። አልጋዋ ላይ ዓይኗን ገልጣ እንደተጋደመች፣ የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው፣ ጠሪ የኑርሁሴን ድምፅ በጉሙ ውስጥ ከታችኛው መንገድ እየቀረበ መጣ።

"የቅሬ ሰዎች ስሙ! ዘሀራ ሙሄ ወደ አኼራ ሄዳለች! ቀብሯ ከጁምዓ በኋላ ነው!"

ድምፁ በአጥሯ ሥር አልፎ ወደ ላይ ሰፈር ወጣና ራቀ።

አልደነገጠችም። ኋላ ላይ ከሁሉ የከበዳት ይህን ማስታወስ ነበር። በዚያ ሰዓት የተሰማት እፎይታ ነው። እንግዲህ አለቀ፣ አለች በልቧ፤ እኔ ሳልነካው አለቀ። እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ገላዋን የሚያጥቧትን ሴቶች መጠበቅ ጀመረች።

የመጡት ግን ወንዶቹ ናቸው። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ቀጥሎ የድንኳን ብረት መሬት ላይ ሲወድቅ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት፣ ከመንገዱ ዳር የሴቶች ልቅሶ ሲነሣ ሰማች። አንድ ሰው "በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ታዲያ መሞቷን ማን አየ?" ሲል ግን ተነሣች። ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተች።

የቅሬው ዳኛ አብዱልባሲጥ ከፊት ቆሞ ነበር። ከኋላው ቃሬዛ የያዙት ሁለት ሰዎች እጃቸው ከዳቸውና ቃሬዛው ጭቃው ላይ ወደቀ። ልቅሶው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ።

"አዑዙ ቢላህ" አለ አብዱልባሲጥ በለሆሳስ፤ አንድ እርምጃም ሸሸ።

ሰው ሁሉ ሲያያት ዘሀራ መዳፏን ገልብጣ ተመለከተች። እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

የግድግዳ ጎረቤቷ አሚና ናት ቀድማ የገባችው። እጇን ያዘች፣ ጉንጯን ዳሰሰች፣ "ትሞቂያለሽ፣ አልሃምዱሊላህ" ብላ አለቀሰች። ሌሎቹ ሴቶች ተከትለው ቢገቡም ግድግዳውን ተጠግተው ነው የተቀመጡት። ዘሀራ ለአንዷ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ተቀብላ፣ ሳትቀምሰው ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

ዘሀራን በሰፈሩ፣ በሆጤ፣ የማያውቃት የለም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የፊት ክፍሏ ውስጥ በሲንጀሯ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አንድ ልጇን አሳድጋለች። ልጁ ሀፊዝ ከአራት ዓመት በፊት፣ እንደ ብዙ የወሎ ልጆች፣ በባሕር ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። መጨረሻ የደወለው ከጅቡቲ ዳርቻ ነው፤ ማታ ጀልባ እንሳፈራለን አላት። ጀልባ ሰጥሟል ተባለ። ሌላ ጀልባ ነው ያሉም ነበሩ። ሬሳ ስላልመጣ ድንኳን አልተተከለም፤ ስልክ ስላልመጣም ተስፋ አልነበረም። ሐዘኑ ሳይጀመር፣ መጠበቁም ሳያልቅ ዘሀራ በመካከል ቀረች። ከረመዳን ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ ፈጽሞ ጥሏት ሄደ።

በዚያ ሳምንት የሰው ልብስ ሁሉ ሰፍታ ጨርሳ ለየባለቤቱ አደረሰች። የተዋሰችውን መለሰች። ቤት ለቤት እየዞረችም "አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለች። ሰው ደስ አለው፤ "ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ?" እያለ ቀለደባት። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ለጁምዓ የወሰነችውን ነገር ለማንም አልተናገረችም።

በዚያ ጠዋት ግን የሰዉ አፍ ወደ ኑርሁሴን ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት ቅሬውን የጠራ፣ አንድ ቀን ስም ተሳስቶ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ካለፈች ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ በቅርቡ መንገድ ላይ ብቻውን ሲያወራ ያዩት ነበሩ። ሲጠይቁት እንዲህ አለ፦ ከሱብሒ ሶላት በፊት መስኮቱ ተመታ፣ ከፈተ፣ አንዲት ሴት ጉሙ ውስጥ ተከናንባ ቆማ "ዘሀራ ሙሄ ሞታለች፤ ይጥሩላት" ብላው ሄደች። ማን ነሽ አላላትም፤ የሞት መልእክተኛ አይመረመርም። ይህን ሲናገር ሁለት ሰዎች ተያዩ። አብዱልባሲጥ ከጁምዓ በኋላ ሰው በቅሬው ዕቃ ቤት እንዲሰበሰብ አዘዘ።

አሚና ቀረች። ደጃፉን ልትጠርግ ጎንበስ ብላ የዘሀራን ጫማ አነሣች፤ ይዛውም ቆመች።

"ዘሀራ፣ ሌሊት ወጥተሽ ነበር?"

"የት እወጣለሁ?"

"ጭቃው ቀይ ነው። የኛ ደጅ ጥቁር አፈር ነው።"

ቀይ አፈር ያለው ታች ነው፤ ለውኃ መስመር በተቆፈረው ቦይ ዳር፣ በኑርሁሴን ቤት በኩል። ዘሀራ የቀሚሷን ጠርዝ ሳብ አድርጋ አየችው። እስከ ጉልበቷ ርሶ ቀይ ሆኗል። የቀኝ እጇ ጣቶች አንጓ ተልጧል። በሩን ከፍታ ስለ መውጣቷ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ስለ መውረዷ፣ መስታወት ስለ መምታቷ ልቧን ብትፈትሽ ምንም የለም። በራሷ እግር ሌላ ሰው ሲሄድ ያደረ መሰላት።

ጭቃ ይታጠባል። አሚናም ዝም በይ ቢሏት ዝም ትላለች። ያኔ ኑርሁሴን አበደ ይባላል፤ በዚያው ያልቃል። ብትናገር ግን መስኮቱን በመምታቷ ብቻ አይቆምም፤ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ዘሀራ እስከ ቀትር ድረስ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድስቱና ጣሳው ወደ ጥግ ተገፍቶ ሰው በአግዳሚ ተቀምጧል። ዘሀራ ከአሚና ጋር ስትገባ ነገሩ እየተቋጨ ነበር። አብዱልባሲጥ ኑርሁሴንን በአክብሮት ነው የሚያሰናብተው፤ ብዙ አገልግለዋል፣ አሁን ይረፉ፣ ድምፅ ያለው ሰው እንተካለን ይለዋል። ሌላው ደግሞ ቃልቻ ጋ ይወሰድ እያለ ነው። ኑርሁሴን መሬት መሬት ያያል። "ወላሂ፣ የሴት ድምፅ ነው" ብቻ አለ።

"የኔ ድምፅ ነው" አለች ዘሀራ ከበሩ። "መስኮታቸውን የመታሁት እኔ ነኝ።"

አብዱልባሲጥ ቀና አለ። "ሞቻለሁ ብለሽ?"

"መሄዴን አላስታውስም። ጭቃው ነው የነገረኝ።" ጫማውን አሳየች። "ግን ልሞት እንደነበር አውቃለሁ። በገዛ እጄ። ለዛሬ ነበር የወሰንኩት። አውፍ በሉኝ እያልኩ ቤታችሁ የዞርኩት ለዚያ ነው።"

ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ ያላት ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቀድማ የተናገረችው ሥርጉት ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕሙማንን የምትረዳ ነርስ ስትሆን፣ ክርስቲያንም ብትሆን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የቅሬው አባል ናት። ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊሄድ፣ ሊናገር፣ ሲነጋም ላያስታውስ እንደሚችል አስረዳች። ሕመም ነው፣ መድኃኒትና የሚያዳምጥ ሰው አለው፣ ሰኞ ሰኞ እኔው እዚያ አለሁ አለች። ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረች።

"ያን ሁሉ መንገድ የወረድሽው ሰው ፈልገሽ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።"

አብዱልባሲጥ የቅሬውን መተዳደሪያ ደብተር ገልጦ አየና መልሶ ዘጋው። "እዚህ ያለው ስለ ሬሳ ብቻ ነው" አለ። ጥቂት አሰበ። "ቢሆንም ቅሬው ወጥቷል። የወጣ ቅሬ ዝም ብሎ አይበተንም።"

ለሞተ እንደሚደረገው ተራ ወጣ። ሴቶቹ በየተራ ከዘሀራ ጋር ሊያድሩ፣ ምግቡ በየቤቱ ሊበስል፣ ልትሞትበት ያሰበችው ነገር ሁሉ በአሚና እጅ ከቤት ሊወጣ ተስማሙ። ሰኞ ማን ሆስፒታል ይወስዳታል ሲባል ኑርሁሴን "እኔ" አለ። ያፈረ ሰው ብዙ ስለነበር የተቃወመ አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ ከአሚና አጠገብ ሦስት ሰዓት ያህል ተኛች። እሑድ ትንሽ በላች።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ እንደገና ወርዶ ከጦሳ ተራራ እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድ ነጭ ነገር ሆኗል። ባጃጅ ስላላገኙ በእግራቸው ጀመሩ። ኑርሁሴን በየሃምሳ እርምጃው ቆም ይላል፣ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እጁን ና በሚል ያወዛውዛል። ዘሀራ ሦስተኛው ላይ ማንን እንደሚጠራ ጠየቀችው።

"ልጁን ነዋ" አለ። "ያን ጠዋት ከኋላሽ ቆሞ የነበረውን።"

"ማንም አልነበረም፣ አያ ኑርሁሴን።"

"ለስብሰባው ያልተናገርኩት ለዚህ ነው። ልብሱ ውኃ ያንጠባጥባል። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበር፣ እሱ ግን ያንጠባጥባል። አንቺ ስትሄጂ ቀረ። እስከ ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ተከተለን።"

ዘሀራ ዞራ ተመለከተች። ጉም ነው፤ ጉሙ ውስጥ የሆነ መኪና መብራት ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ ጠቆር ያለ፣ ሰውም የኤሌክትሪክ እንጨትም ሊሆን የሚችል ነገር አለ። ረጅም ነው? ልትል አፏ ተከፈተ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው? አዎ ካላት ወደ ኋላ እንደምትሮጥ፣ ከእንግዲህም ማንም እንደማይመልሳት አወቀች። ጥያቄው ምላሷ ላይ እንዳለ የሽማግሌውን ፊት አየች። ዓይኖቹ ቀልተው ጎድጉደዋል። የኮቱን ቁልፎች አዛብቶ ቆልፏል። ከንፈሩ ሳይናገርም ይንቀሳቀሳል።

"እንቅልፍ ይወስድዎታል?" አለችው።

"የምን እንቅልፍ? ሚስቴ ከሄደች ወዲህ... ልጁም ሌሊቱን ሙሉ ያወራኛል።"

ምን እያለ እንደሚያወራው አልጠየቀችም። ክንዱን ያዘችው። እሱ ሊዞር ሲል ሳብ አደረገችው፤ እሷም ሳትዞር፣ ጀርባዋ እየቀዘቀዘ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ወጡ።

በካርድ መስኮቱ ያለችው ልጅ ታማሚው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ኑርሁሴን አገጩን ወደ ዘሀራ አነሣ።

"ሁለት ካርድ ስጪን፣ እናቴ" አለች ዘሀራ፤ ክንዱን አልለቀቀችም። "የሳቸውን አስቀድሚ።"