ሸራ የሌላት ጀልባ

ለኮምፒውተር ጨዋታችን ባሕሩንና ጀልባዋን የምሠራው እኔ ነኝ። ውሃው ከፍና ዝቅ የሚል የቁጥር ሜዳ ነው። ከጀልባዋ ሆድና ግራና ቀኝ ሚዛኗን ከሚጠብቁላት ሁለት የቀርከሃ ክንፎቿ ሥር አሥራ ሁለት ነጥቦች አስቀምጫለሁ። እያንዳንዱ ነጥብ በጠለቀ መጠን ወደ ላይ ይገፋል። መንሳፈፍ ማለት ይኸው ነው።

የእናቴ ወንድም ቲዮ ሬስቲቱቶ ከደሴታችን ተሻግረው ሴቡ ከተማ ቢሮዬ ድረስ የመጡት ይህን ሰምተው ነው። ባለፈው ሐምሌ የሚነዷት ጀልባ ተገልብጣ ሰባት ሰው ሞቷል። መርማሪዎቹ ድንገተኛ ነፋስ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ። ቲዮ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። ጥፋቱ የእሳቸው መሆን አለመሆኑን ኮምፒውተሩ እንዲነግራቸው ፈለጉ። የምሠራው ጨዋታ ነው፣ ዓርብ ደግሞ አስረክባለሁ አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የጀልባዋን ርዝመት፣ የተሳፋሪውን ብዛትና የማዕበሉን ከፍታ ጠይቄ አስገባሁ። ነፋሱን እሳቸው ካሉት በላይ አደረግሁት። ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ አንዱ ክንፏ ጠለቀ፣ ተመልሳ ቀና አለች። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፤ አልተገለበጠችም።

«ይኸው ቲዮ፣ ጭነቱም አነዳድዎም ጥፋት የለበትም። አሁን ልሥራ?»

ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ኢንዳይ፣ ልጄ፣ በዚህች ጀልባ ዓሣ እንኳ አይታለልም። ሸራዋስ?»

ረስቼው ነበር። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያው ግራና ቀኝ ሸራ ይወርዳል። በልጅነቴ ከሥሩ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ለጨዋታው ግን እይታ ስለሚጋርድ አልሠራሁትም።

ሸራውን በሁለቱም ጎን አወረድኩና ያንኑ ነፋስ ለቀቅኩ። ነፋሱ ሸራውን እንደ ግድግዳ ገፋው፤ በአራት ሰከንድ የጀልባዋ ሆድ ወደ ላይ ሆነ። ተሳፋሪዎቹ ከሸራው ውስጥ ቀሩ።

ቲዮ ድገሚው አላሉኝም። በአደጋው ቀን ተሳፋሪዎቹ በሰበስን ብለው እንዳጉረመረሙ፣ እሳቸውም ነፋሱ ሲመጣ እያዩት እንደነበር ነገሩኝ።

«አውርዱት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሁሉም ያወርዳል።»

«አዎ፣ ሁሉም ያወርዳል» አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ። «በዚህ ቅጂልኝ። ወደብ ላይ ላሉት ነጂዎች አሳያለሁ። የዝናቡ ወቅት ገብቷል።»

«ሸራውን ማን አስወረደው ብለው ይጠይቁዎታል እኮ።»

«ይጠይቁ።»

ስልኩን ስክሪኑ ፊት ያዝኩና ጀልባዋን እንደገና ገለበጥኳት።