የቆሙበት ቦታ

በ1965 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ አልጣለም። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎ ወጣ። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። ሰው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻ የቤቱን በር። ከከላላ የሚመጣው መንገድ በተራበ ሰው ሞላ።

እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራውን የለመድኩት የሌሎችን ፎቶ በማየት ነው። ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ፎቶ እየቆረጥኩ ደብተር ላይ እለጥፋለሁ። ከሥሩ፣ ፎቶውን ያነሳው ሰው የት እንደቆመ፣ ስንት እርምጃ እንደራቀ፣ ፀሐይ በየት እንደነበረች ከጥላው ገምቼ እጽፋለሁ። ብዙ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ሹም የሚነሳው ከታች ነው፤ ድሃ ከላይ። ማን እንዳዘዘ አላውቅም። እኔም እንደዚያው ሳነሳ ኖሬያለሁ።

በ1966 አህመድ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከሩቂያ ጋር ደጄ ላይ ተቀመጠ። መቆም አቅቶታል። ካሜራዬን ይዤ ፊቱ ተንበረከክሁ።

«ተነስ እንጂ ወንድሜ! ለሰው አይሰገድም፤ ሐራም ነው።»

«ልሰግድልህ አይደለም። ዓይንህ ካለበት ልወርድ ነው።»

«ከወረድክማ ቂጣ ይዘህ ውረድ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አነሳሁት። የነበረችኝን ቂጣም ሰጠሁት።

ሩቂያ አልሳቀችም። «ለማን ልታሳየው ነው?» አለችኝ።

«ለእናንተ። አጥቤ እሰጣችኋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አህመድ ሞተ። ሌላ ፎቶ አልነበረውም። የፎቶ ወረቀት አልቆብኝ ስለነበር ከደሴ እስኪመጣ የታጠበውን ፊልም ደብተሩ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ወረቀቱ ሳይመጣ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቴን ፈትሾ ደብተሩን አገኘ።

«‹ከፍ ካለ ቦታ፣ አሥር እርምጃ፣ ፀሐይ ከኋላ።› ማንን ልትመታ ነው?»

«ፎቶውን ያነሳው ሰው የቆመበት ነው።»

«አለቃህ ነው?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቀውን ሰው እርምጃ ትቆጥራለህ?»

«ጥላው ይነግረኛል።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። ሁለት ወር ታሰርኩ። ስፈታ ደብተሩ ከነፊልሙ እሱ ዘንድ ቀረ። ሩቂያ ከተማው ውስጥ እንጨት እየሸጠች ትኖር ነበር። ባየችኝ ቁጥር «ባሌን ለፈረንጅ ሸጥከው አሉ» ትለኛለች። ብምልም አላመነችኝም። ወንድም ወንድሙን በሚጠረጥርበት ዘመን አልፈረድኩባትም።

በ1969 ንጉሡ ብቻውን መጣና በሩን ዘጋ። ደብተሩን ገልጦ ጣቱን የአንድ ደጃዝማች ፎቶ ላይ አሳረፈ።

«እንዲህ አድርገህ አንሳኝ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ፊውዳል ነው።»

«ሰውዬውን ተወው። አቋቋሙን ነው ያልኩህ።»

«ደብተሬ ከነፊልሙ ይመለስልኝ።»

ደብተሩን ዘጋ። «ለማንም አታወራም?»

«አላወራም።»

ተንበርክኬ ከታች አነሳሁት። ገዘፈ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ፎቶውን በማግስቱ አጥቤ ሩቂያ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን ገልብጣ የፈረንጅ ጽሑፍ እንዳለበት ጀርባውን መረመረች። ከዚያ አህመድን አየችው።

«ይስቃል» አለች። ቀና ብላም «ሌላ ቅጂ አለህ?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«ፊልሙስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቱንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

«በል ሂድ፤ ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»