ፉልመኒ ያዋሰችው ስም

ፉልመኒ ሕንድ አገር፣ አሳም ውስጥ፣ በአንድ የሻይ እርሻ ቅጠል መልቀም ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ቋሚ ሠራተኛ ነች። ቋሚ የሆነ ሰው ከነትዳሩና ከነልጆቹ በእርሻው ሆስፒታል በነፃ ይታከማል፤ ጊዜያዊ ግን ለራሱም አይታከምም። ታናሽ እህቷ ቢርሲ ጊዜያዊ ነበረች።

ቢርሲ እርግዝናዋ ስምንት ወር ሲሞላው እግሯ አበጠ፣ ዓይኗም ይጨልምባት ጀመር። የመንግሥት ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ጀልባ አያሻግርም። ልጅ ያልነበራት ፉልመኒ የሕክምና ካርዷን አውጥታ ሰጠቻት።

«ስምሽን ሲጠይቁሽ የእኔን ተናገሪ።»

«ቢያውቁብንስ፣ እትዬ?»

«ፎቶው ላይ ያለችውን እኔ ራሴም አላውቃትም። ይልቅ ምጡ ሲበረታብሽ ባልሽን እንዳትሳደቢ። በእኔ ስም እስከገባሽ ድረስ የምትሰድቢው የእኔን ባል ነው።»

ቢርሲ እያመማት ሳቀች።

የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነገሩ ገብቶታል፤ ሆኖም ተቀብሎ አስተኛት። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሶማሪ ተባለች። መዝገቡ ላይ እናት ተብላ የተጻፈችው ግን ፉልመኒ ሆነች።

ሶማሪ ደረቷን የሚያፍናት በሽታ ነበረባት። በየወሩ ሐኪም ዘንድ ወስዳ መድኃኒት የምትቀበልላት ፉልመኒ ነች። ሐኪሙ ፊት «እማዬ» እንድትላትም አስለመደቻት። ልጅቷ ቆይታ ቤት ውስጥም እንደዚያው ትላት ጀመር። ፉልመኒ አላረመቻትም።

ሶማሪ አራት ዓመት ሲሆናት፣ የሻይ ቁጥቋጦው ተገርዞ ለቀማ በሚቆምበት ወር፣ ጊዜያዊዎቹ ሠራተኞች ተሰናበቱ። የቢርሲ ባል ማንግራ ሩቅ ደቡብ፣ ኬረላ፣ የጎማ ዛፍ እርሻ ላይ ሥራ አገኘ። ቢርሲ ፉልመኒ ቤት የነበረውን የልጇን ልብስ ልትሰበስብ መጣች።

«እዚያ ማን ያክማታል?» አለች ፉልመኒ።

«እንጃ። ልጄን ግን ጥዬ አልሄድም።»

«እዚያም ጊዜያዊ ናችሁ። ሲያፍናት ታቅፈሽ ልታዪያት ነው?»

«የወለድኳት እኮ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱን ለመዝገቡ ንገሪው።»

ፉልመኒ ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን አልመለሰችውም። ስለ መድኃኒቱ ያለችው እውነት ነው፤ ልጅቷን መስጠት አለመፈለጓም እውነት ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ያን ቀን ራሷን አልጠየቀችም። ቢርሲ ያጣጠፈችውን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሰች።

ሶማሪ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሐኪሙ፣ «ከእንግዲህ መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ ድናለች» አለ። ፉልመኒ በደስታ አለቀሰች። ለእህቷ ልትደውል ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ነገ፣ አለች። ነገው ወር ሆነ።

ቢርሲ ለአዝመራው በዓል፣ ለካራም፣ ከኬረላ መጣች። ከስታለች። ሶማሪ ለእንግዳ እንደሚደረገው ውኃ አምጥታ እግሯን አጠበቻት፤ «አክስቴ፣ ውኃው ቀዘቀዘሽ?» አለቻት። ቢርሲ የልጅቷን አናት ቁልቁል እያየች፣ «አልቀዘቀዘኝም» አለች።

ሁለቱ እህትማማቾች ለብቻቸው ሲሆኑ ቢርሲ ጠየቀች።

«ደረቷስ?»

«አልፎ አልፎ ይነሳባታል» አለች ፉልመኒ።

«መድኃኒቱን አላቋረጠችም?»

«አላቋረጠችም።»

«እንግዲያስ እዚሁ ትሁን። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር» አለች ቢርሲ።

በሦስተኛው ቀን ፉልመኒ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ እውነቱ አፏ ላይ እየደረሰ ይመለስ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ «ስትደርሺ ደውዪ» ብቻ አለች።

ዛሬ ሶማሪ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቢርሲ በየበዓሉ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀውም ደረቷን ነው። ፉልመኒ «ደህና ናት፣ እየታከመች ነው» ትላታለች። ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ያን ቀን ግን ቅርጫቷ አይሞላላትም።