ሦስተኛዋ አይበገሬ

ትእዛዙ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። «አይበገሬ» የሚለው ስም ከአሮጌዋ የጦር መርከብ ጀርባ ተፍቆ ይነሳ፤ ግንባታዋ ላለቀው አዲስ መርከብ ይሰጥ፤ አሮጌዋም ከዛሬ ጀምሮ «የእስረኞች ማቆያ ቁጥር ሰባት» ትባል ይላል።

ጆሳያ ትሪጌንዛ ሁለት ጊዜ አነበበው። የዚህች መርከብ አናጢ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ካፒቴኖች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ አናጢ ግን ከመርከቡ ጋር ይቀራል። ምሰሶዎቿ ተነቅለው፣ መድፎቿ ወርደው ፕሊመዝ ወደብ ላይ ከታሰረች ወዲህም እዚያው ያድራል፤ ስንጥቋን በሬንጅ ይደፍናል።

«መሮ ይዤልዎት መጥቻለሁ» አለ ትእዛዙን ያመጣው ወጣቱ ጸሐፊ፣ ፔንሃሎው።

«መሮማ እኔም አለኝ። ለዚህ ሥራ ግን ከሣጥኑ አይወጣም።»

«ሚስተር ትሪጌንዛ፣ ይህችስ ብትሆን ስሙን ከሁለተኛዋ አይበገሬ አይደል የወሰደችው?»

ልጁ ልክ ነበር። የማያውቀው ነገር ቢኖር የሁለተኛዋን ስም የፋቀው ራሱ ትሪጌንዛ መሆኑን ነው፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ እያፏጨ ነው የፋቀው። የዚያች መርከብ አሮጌ አናጢ ከላይ ቆሞ ያየው ነበር።

«የወሰድኩባት እኔ ነኝ» አለ ትሪጌንዛ። «ያኔ እምቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አለ።»

«የአዲሷ አናጢነት እኮ ለእርስዎ ነው የታሰበው! እምቢ ካሉ ግን ዛሬውኑ ከሥራ ይወጣሉ። ለዚህ ለበሰበሰ እንጨት ብለው?»

«ግማሹ በስብሷል፣ አልዋሽህም። ከፈረንሳዮች ጋር ስንዋጋ አሥራ አንድ የመድፍ ጥይት ጎኗን በስቶ ገባ። አሥራ አንዱንም በእጄ ደፍኜዋለሁ። ያን ቀን ቁጥር ሰባት ብሎ የጠራት አልነበረም።»

የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወረደ። ቀዛፊው ጃጎ በጀልባው ተቀበለው። ከሰዓት በኋላ የወደቀው ጉም ወደቡን ሸፍኖታል። ጥቂት እንደራቁ ከኋላቸው የመሮ ድምፅ ተሰማ።

«ስሙን መፋቅ ጀመሩ፣ አለቃ» አለ ጃጎ።

«መሮውን የያዘው ሰው አያያዙን አያውቅበትም። እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።»

ድንገት ከጉሙ ውስጥ የወደቡ ዘብ መርከብ ብቅ አለ። «ባለ ጀልባ! ማን ነህ?» ሲል ጠባቂው ጮኸ።

በባሕር ኃይሉ ወግ፣ እንዲህ ሲጠየቅ የመርከቡን ስም የሚመልስ ካፒቴን የጫነ ጀልባ ብቻ ነው። ጃጎ «ተራ ሰው ነው!» ሊል አፉን ሲከፍት ትሪጌንዛ ትከሻውን ተደግፎ ብድግ አለ።

«አይበገሬ!»

በዘብ መርከቡ ላይ የአቀባበል ፉጨት ቀለጠ። የሩጫ ኮቴ ተሰማ። «ካፒቴን መጣ! ተሰለፉ! ባርኔጣዬ የት ገባ?»

«አለቃ፣ ጉድ ሠራኸን! ያስገርፉናል እኮ!» አለ ጃጎ።

«የጮህኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አገባህ። ቅዘፍ።»

የዘብ መርከቡ መኮንን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ታች ተመለከተ። ያየው አንድ ሽማግሌና የመሮ ሣጥን ነው።

«ካፒቴኑስ?»

«ካፒቴን የለም። አናጢ ነኝ።»

የመኮንኑ ፊት ቀላ። «የየትኛዋ መርከብ አናጢ?»

ትሪጌንዛ ቆቡን አላወለቀም። የመርከቧን ስም ደገመው፤ አሁን ሳይጮህ፣ የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ረገጥ አድርጎ።